ሃያ ሦስት ድምፅ

በሩ በተዘጋ በሦስተኛው እሑድ፣
ሽማግሌው ደወሉ፦ «መዝሙሩ አይቋረጥ፣ በስልክም ቢሆን ይሂድ።
አንቺ መርካቶ ስልክ ትጠግኛለሽ፤
ሰው ስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚገባም ታውቂያለሽ።»

አላውቅም ነበር። የማውቀው የተሰነጠቀ መስታወት መቀየር፣
አዌቱ ወድቆ የወጣ ስልክ ፈትቶ ፀሐይ ላይ መደርደር።
እሺ አልኩ ብቻ።

ሃያ ሦስት መዘምራን፣ ሃያ ሦስት ቤት፤
ኪቦርዱን ላክሁላቸው፣ «በአንድ ጆሯችሁ ስሙት፣
በሌላ ስልክ ቅዱ» አልኳቸው፣
«መስመሩ ሲሻል ወደ እኔ ስደዱ።»

መጡ። በሌሊት፣ መስመሩ ከሰው ሲራገፍ መጡ፤
ግማሽ ሜጋ፣ አንድ ሜጋ፣ እየተንጠባጠቡ፣ እያቋረጡ።
ኦብሴ ከብርድ ልብስ ሥር ነው የቀዳችው፣ ልጇ እንዳይነቃባት፤
ትንፋሿ ከቃሉ ይበልጣል፣ የሹክሹክታ ቅኝት አላት።
ምንውዬለት ባጃጁን ኮቼ መታጠፊያ ላይ አቁሞ
ሸራውን ጥሎ ዘመረ፤ ይሰማል
አንዱ መንገደኛ «መናኸሪያ?» ሲለው ደጋግሞ።
አስካለ ቅጂ ላይ ከጎረቤት የገባ አዛን አለ፤
ልቆርጠው ሞከርኩ፤ የእሷም ድምፅ አብሮ ጎደለ።
ተውኩት። የዚህ ከተማ ጆሮ
ሁለቱን አብሮ ሲሰማ ነው የኖረ፣ ከዱሮ።

ድሮ አዳራሹ ነበር የሚገጥመን፣ ጉድለታችንን የሚውጠው፤
ግድግዳው የዘገየውን ከፈጠነው ቀላቅሎ የሚሰጠው።
ስልክ ግን ምሕረት የለውም፤ ሁሉን ለየብቻ ያስቀምጣል፣
ማን እንደሳተ፣ ማን ያለቦታው እንደተነፈሰ ይመሰክራል።

ከዚያ ዝናቡ።
ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀዱ ስድስት ነበሩ፤
ስድስቱን ደርድሬ ስሰማ ጣሪያዎቹ ተናገሩ፦
መጀመሪያ ጂረን፣ ዳገቱ ላይ ያለውን ቤት ያንኳኳል፤
ወርዶ ሂርማታ ይገባል፣ ቆይቶ ኮቼን ይነካል፤
እኔ ሰውን ከሰው መግጠም አቅቶኝ ስነጫነጭ
ዝናቡ ሳያጠና ዘምሮ ነበር፣ ከቤት ቤት ሲረጭ።

የጋሽ ሌንጂሳ መጨረሻ ደረሰ።
ማዳመጫ የላቸውም። ኪቦርዱንም አልሰሙ፤
ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፈው፣ እንደ ልማዳቸው ቆሙ።
አርባ ዓመት የዘመረ ባስ፣ በራሱ ጊዜ የሚራመድ፣
ሸክም ይዞ ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው
እግሩን የሚያሳርፍ እንጂ የማይሰድ።
ሲጨርሱ «ገለቶሚ» ይሉኛል። መዝጊያው ጠፍቷቸው
አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይሰማሉ፤ በርጩማ ሲስቡ፣ ሲያስሉ፣ ብቻቸው።
አንድ ኩባያ ሲቀመጥ። ሁለተኛ ሲቀመጥ። ሁለተኛው ሲነሣ።

ሦስት ሌሊት ታገልኳቸው። ቆረጥኩ፣ ለጠጥኩ፤
ድምፃቸው ፕላስቲክ ሆነ፤ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ።
አንድ ማለዳ መብራት ሄዶ፣ ባትሪው አሥር በመቶ ሲቀረው፣
እጄን ከእሳቸው ላይ አነሣሁ።
ሃያ ሁለቱን ወደ ኋላ ጎተትኳቸው፤
ኦብሴ ትንፋሿን ትያዝ፣ ባጃጁም ይቁም፣ ሁሉም ይጠብቃቸው።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ተለቀቀ።
የሚያዩት አርባ አራት፤ ከዚያ ስልሳ፤
መስመር ሲሄድ ስድስት፤ ከዚያ አንድ። እሱም እኔ።
«አሜን» የሚለው ጽሑፍ ዘግይቶ ደረሰ፣ መዝሙሩ አልቆ፣
ስብከቱ መሃል ላይ ወድቆ።

እማማ በየነች ዓይናቸው አያይም፤ ሦስተኛው ረድፍ ነበር ቦታቸው፣
አሁን የጎረቤት ልጅ ነው ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዘላቸው።
ማታ አስደወሉ፦
«ዛሬ ሌንጂሳን ጠበቃችሁት፣ አይደል?
ደግ አደረጋችሁ። ድሮ ትታችሁት ትሄዱ ነበር፤
እሰማ ነበር እኮ፣ ከኋላ ሲጎድል።»

እሺ አልኩ ብቻ።